ነጻውን አውቶቡስ ያልተሳፈረ ሰው

ጋርላንድ ቲግ የሞተው ነጻውን አውቶቡስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠብቅ በወጣበት ማለዳ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የ«ሲልቨር ሄሮን» ሪዞርት የእንግዶች መጓጓዣ ኃላፊ ነበር። ስንት አውቶቡስ ስንት ሰው ወደ መዝናኛ ፓርኩ እንደሚያመላልስ ከወረቀት ላይ ያውቃል እንጂ ወንበሩ ይቆርቁር ወይም ይመች አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። በዚያ ሆቴል ደሞዙ ከሹፌር ከፍ ያለ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። «ነጻ» የሚለውን ቃል የሚናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የዘመድን ነውር እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

አስከሬኑ የተገኘው ሆቴሉ ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ፣ ቆሞ ባደረው አውቶቡስ ቀኝ ጎን፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ከራሱ በላይ በተንጠለጠለው የአውቶቡሱ ስፖኪዮ ላይ ደም አለ።

መርማሪ ኦዴሳ ክሩም ስልክ ሲደወልላት እሷም ነጻ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ፈቃድ ላይ ናት። ከእህቷና ከእህቷ የልጅ ልጆች ጋር ከሲልቨር ሄሮን ማዶ ካለው ርካሽ ሆቴል ካረፈች አራተኛ ቀኗ ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው በፍሎሪዳ ፀሐይ ሥር ውሸታም ስትሰማ በመሆኑ ፊቷ ላይ የቀረ ትዕግሥት የለም። አውቶቡሱ ሞተሩ ተነስቷል፣ ግን አልተንቀሳቀሰም። ከመሪው አካባቢ አንድ ነገር ያለማቋረጥ ይጮኻል። ሹፌሯ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አለ አበባ የበዛበት ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ።

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው ጌታዬ። ጩኸቱ ሲቆም እንሄዳለን።»

«እኔ ለእረፍት መጣሁ እንጂ ልሰለፍ አልመጣሁም» አለና ሚስቱን ጎትቶ ወረደ። ደጅ ከቆሙት ቢጫ መኪኖች ወዳንዱ ሄዶ ገባ። ለአራት ኪሎ ሜትር መንገድ ሠላሳ ስምንት ዶላር። ሲያልፍም በመስኮት አይቷቸው ነበር፤ የታመሙ ይመስል አዘነላቸው። አውቶቡሱ ሲነሳ ኦዴሳ ሰዓቷን አየች። የጠበቁት ሰባት ደቂቃ ነው።

ስልኩ የመጣው ያኔ ነው። የደወለው የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ ነበር።

«ኦዴሳ፣ ሲልቨር ሄሮን አጠገብ ነሽ አይደል? ሰው ሞቷል። ነገሩ አልቆለታል፤ ሹፌሩን ይዘነዋል። ፈርመሽ ወደ እረፍትሽ ተመለሺ።»

«ካለቀለት እኔን ለምን ፈለጋችሁኝ?»

«መርማሪ መፈረም ስላለበት ነው። አራት ሰዓት ላይ ለጋዜጠኞች መግለጫ እሰጣለሁ።»

«ከማለቁ በፊት መግለጫው ተዘጋጅቷል ማለት ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች። እህቷን ከልጆቹ ጋር ወደ ፓርኩ ልካ ሲልቨር ሄሮን ስትደርስ ወረደች።

ሳጅን ዴል ፐርዲ ፌርማታው ላይ ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ነገር ሁሉ የገባው ሰው ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያስባል። አስከሬኑ ተነስቷል፣ ፎቶው ተነስቷል፣ በቢጫ ገመድ የታጠረው አውቶቡስ ብቻ ቀርቷል።

«ሹፌሩ ዊልነር ፌኔሎን ይባላል፣ የሄይቲ ሰው» አለ ፐርዲ። «ትናንት ቲግ ሹፌሮቹን ሰብስቦ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ነጻው አውቶቡስ በሰዓት አንዴ ብቻ ይሆናል አላቸው። ይሄኔ ፌኔሎን ተነስቶ ‹ያንተም ቀን ይመጣል› ብሎታል። ሃያ ሰው ሰምቷል። ዛሬ ካርዱ የግቢውን በር የከፈተው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአራት ላይ ነው። ፖሊስ የተጠራው ከሰባት ላይ። እንግዲህ ሦስት ደቂቃ። ገባ፣ አስነሳ፣ በስፖኪዮው ጭንቅላቱን መታው፣ መልሶ አቆመው፣ ወረደ። በዓይኑ ያየ ምስክር አለን።»

«ማን ነው?»

«ሚስተር ትሬንት ካሎዌይ። የቢጫዎቹ መኪኖች ባለቤት።»

«ታድለህ» አለች ኦዴሳ። «እኔ እንዲህ ዓይነት ምስክር አግኝቼ አላውቅም። የኔዎቹ ሁሌ ግማሹን ነው የሚያዩት።»

ፐርዲ ምስጋና መስሎት አንገቱን ነቀነቀ።

ፌኔሎን ከፐርዲ መኪና የኋላ ወንበር ላይ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ በጥንቃቄ ተተኩሷል። ኦዴሳ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ትናንት ለሟቹ ምን ብለውት ነው ወንድሜ?»

«ያልኩትን ብያለሁ፣ አልክድም። ‹ሰዉ አውቶቡሱን ትቶ ለቢጫዎቹ መኪኖች የሚከፍለው ተታሎ ነው፣ ይህን ሳታጣራ ከቆረጥከው ያንተም ቀን ይመጣል› አልኩት። ንዴት ነው። ሰው መግደል ሌላ ነው።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«በሩን ከፍቼ ገባሁ። ከበሩ እስከዚህ በእግር ሁለት ደቂቃ ነው። ስደርስ ወድቋል። ተንበርክኬ አንገቱን ነካሁት። ቀና ስል ሚስተር ካሎዌይ ከመኪናው ወርዶ ስልክ ያወራል። አውቶቡሱን አልነካሁትም፣ አልወጣሁበትም።»

«ማታ ሲያቆሙት ምን ምን ያደርጋሉ?»

ፌኔሎን እንዲህ ያለ ጥያቄ ያልጠበቀ መሰለ። «እጠርገዋለሁ። የአካል ጉዳተኞቹን ማሰሪያ ቀበቶ እጠቀልላለሁ። አውቶቡሱ እንዳይንሸራተት ከፊት ጎማው ሥር ከባዱን ታኮ አደርጋለሁ። ፌርማታውን ደግሞ እጠርጋለሁ፤ ሌላ የሚጠርገው ስለሌለ ነው።»

ኦዴሳ አንገቷን አስግጋ ጎማዎቹን አየች። ታኮ የለም።

«ትናንትም አድርገዋል?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላደረግኩበት ቀን የለም።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስሜ ተመዝግቧል?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«ሐሙስ ለዜግነት ልምል ቀጠሮ አለኝ። ብዙ ዓመት ነው የጠበቅኩት። እስር ቤት መዝገብ ላይ ስሜ ከገባ ቀጠሮው ይቆማል። ነገ ንጹሕ ነህ ቢሉኝ እንኳ እንደገና ከዜሮ ነው። ባለቤቴ ልቧ ደካማ ነው፤ ይህን አትችለውም።»

ኦዴሳ ተነስታ ወደ ፐርዲ ዞረች። «ስሙ ተመዝግቧል?»

«አራት ሰዓት ላይ አውራጃ እስር ቤት አስረክበዋለሁ። እዚያ ይመዘገባል።»

«እስከዚያ አንዲት ፊደል እንዳትጽፍ።»

«ኧረ መርማሪ፣ ነገሩ እኮ ያለቀ ነው።»

«ነገር ሲያልቅ እኔ ነኝ የምነግርህ። ለጊዜው ግቢውን፣ ቁጥቋጦውን፣ ቆሻሻ ገንዳውን አስፈትሽ። አንድ የጎማ ታኮ እፈልጋለሁ።»

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቤታን ሎሪመር በፈገግታ ተቀበለቻት። ያ ፈገግታ ጠዋት ከመዋቢያው ጋር አብሮ የሚቀባ፣ ማታ በሳሙና የሚለቅ ዓይነት ነው። አዳራሹ ውስጥ ከፕላስቲክ የተሠሩ ሮዝ ወፎች ከፕላስቲክ ኩሬ ውኃ ሊጠጡ አጎንብሰዋል።

«በጣም አዝነናል» አለች ሎሪመር። «ጋርላንድ እዚህ ቤተሰብ ነበር። ያንን ሠራተኛ ወዲያው ነው ያገድነው። ፋይሉን ራሴ ለሳጅኑ ሰጠሁ፤ ተባባሪ መሆን አለብን ብዬ ነው።»

«ስሙን ያውቁታል?»

«የማንን?»

«የሠራተኛውን።»

ሎሪመር ጠረጴዛዋን ፈለግ ፈለግ አደረገች። ፋይሉ ለሳጅኑ ተሰጥቷል። «ዊልያም... ብቻ የሹፌሮቹን ሁሉ መያዝ ያስቸግራል።»

«ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«ወጥ ቤት። ከሼፉና ከአምስት ሰው ጋር የቁርሱን እንቁላል ስንቀምስ ነበር። ምነው፣ እኔም ተጠርጣሪ ነኝ?» ሳቅ ብላ ነው የጠየቀችው።

«ቲግ ዛሬ በጠዋት ፌርማታ ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

ፈገግታው ትንሽ ዘገየ። «አላውቅም። ሰሌዳውን ለማየት እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር። የአውቶቡሱን መምጫ ደቂቃ የሚያሳየውን ሰሌዳ ማለቴ ነው። አንዲት እንግዳ ስሞታ አቅርባ ነው መሰል።»

«ሰሌዳው የማን ነው?»

«ከቢጫዎቹ መኪኖች ጋር የመጣ ነው። ሚስተር ካሎዌይ በስጦታ ነው የተከለልን። የሚቆጣጠረውም የሱ መሥሪያ ቤት ነው። በእውነት ለኛ ትልቅ ውለታ ነው የዋለው።»

«አይጠረጠርም» አለች ኦዴሳ።

ስሞታ ያቀረበችው እንግዳ ማርጂ ስዌንሰን የምትባል የሰባ አራት ዓመት ባልቴት ነች። ከሚኔሶታ ነው የመጣችው። በባትሪ የሚሄድ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፌርማታው ጥላ ሥር ሹራብ ትሠራለች። አስከሬን ተነሳ አልተነሳ እሷ አውቶቡሷን ትጠብቃለች።

«ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። «ያን ደህና ሰው ለምን አሰራችሁት? ወንበሬን ጠፍሮ የሚያስርልኝ እሱ ነው። ሌላው ሹፌር ሲያስረኝ በየመታጠፊያው ስንገዋለል ነው የምደርሰው።»

«ሰሌዳው ምን ሆነ እማማ?»

«ይዋሻል። ሃምሳ ደቂቃ ይላል፣ አውቶቡሱ በአሥራ ሁለት ይመጣል። አርባ ይላል፣ በዘጠኝ ይመጣል። አራት ቀን እዚህ ቁጭ ብዬ እያንዳንዷን በሹራቤ ረድፍ ለክቻታለሁ፤ ረድፍ ለመጨረስ የሚፈጅብኝን አውቃለሁ። ልጅ የያዘው ሁሉ ሰሌዳውን ያይና ይደነግጥና ቢጫው መኪና ውስጥ ይገባል። መኪናው ሲወጣ አውቶቡሱ ይገባል። ያን ረጅሙን ሰውዬ፣ ሟቹን፣ ትናንት ማታ ራት ላይ ይዤ ነገርኩት። መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ‹ያ የሄይቲ ሰውም ያንኑ ብሎኛል› አለ። ‹ነገ በንጋት ራሴ ሰዓት ይዤ እቆማለሁ› አለኝ።»

«ይህን ሲል ማን ሰማ?»

«ካሎዌይ የሚሉት አጠገባችን ስጋውን ይቆርጥ ነበር። መቁረጡን ትቶ ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ።»

ትሬንት ካሎዌይ ቢጫ መኪናው ላይ ተደግፎ ሚንት ያኝካል። ጥርሱ ነጭ፣ ሰዓቱ ወፍራም ነው። ኦዴሳን ሲያይ ሰላም ከማለቱ በፊት የመኪናውን በር ከፈተላት። ልማድ ነው፤ ሰው ሲቀርበው ደንበኛ ይመስለዋል።

«ግቢ እናትዬ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቁጭ ብለን እናውራ። በነጻ ነው» ብሎ ሳቀ።

ገባች። መኪናው አዲስ የቆዳ ሽታ አለው። ካሎዌይ ከፊት ተቀምጦ ዞሮ ተረከላት፣ ከፐርዲ የሰማችውን ሳያዛንፍ።

«እዚሁ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። የሹፌሮቼን ሰዓት አክባሪነት ለማየት ነው ማልጄ የመጣሁት። ሰውዬው መጣ፣ አውቶቡሱ ላይ ዘሎ ወጣ፣ አስነስቶ ወዲያው ፈተለከው። ምስኪኑ ጋርላንድ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ስፖኪዮው ድው አደረገው። ከዚያ መልሶ ቦታው አቆመውና ወርዶ የደነገጠ መሰለ። እኔ ወዲያው ደወልኩ።»

«አውቶቡሱን አንተ ራስህ ተሳፍረህበት ታውቃለህ?»

«እኔ?» የምር ገረመው። «እናትዬ፣ እኔ የምሸጠው እኮ ሰው እዚያ ጋሪ ላይ እንዳይወጣ ነው። ልጅ የያዘ ሰው እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? የኛ መኪኖች ውስጥ የሕፃን ወንበር ተለክቶ፣ ታስሮ፣ ጥብቅ ብሎ ይጠብቃል። እይው።»

ኦዴሳ አጠገቧ ያለውን የሕፃን ወንበር አየችው። አራት ቀን ሙሉ የእህቷን የልጅ ልጅ ወንበር ስታስር ጥፍሯ ተሰብሯል፤ እንዴት መቀመጥ እንዳለበት ታውቃለች። ይሄኛው ፊቱ ቀና፣ ጀርባው ዘንበል ብሏል። ቀበቶው ከላይ ተጥሎበታል እንጂ አልተቆለፈም።

«ማን ነው ያሰረው?»

«ሹፌሮቼ ናቸው፣ ትናንት ማታ። የሠለጠኑ ናቸው።»

«ጥሩ ነው» አለችና ወረደች። ደጅ የቆሙትን ሌሎች ሦስት ቢጫ መኪኖችም በመስኮታቸው ወደ ውስጥ አየቻቸው። የካሎዌይ መኪና ከዚያ እንዳይነቃነቅ ለአንዱ ፖሊስ በዓይኗ አመለከተችው። ፐርዲ መጥቶ ግቢው ሁሉ ተፈትሾ ታኮ የሚባል ነገር እንዳልተገኘ ሲነግራት ወደ ፈገግታ የቀረበ ነገር ፊቷ ላይ አለፈ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም አውቶቡሱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ፌኔሎን ካቴናው ሳይፈታለት ከፐርዲ ጎን ቆሟል። ሎሪመር ተረከዟ አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ አስቸግሯታል። ማርጂ ሹራቧን አላቆመችም። ካሎዌይ ስልኩን ደጋግሞ ያያል። ከገመዱ ማዶ ስልሳ የሚሆን እንግዳ ተሰልፎ ይነጫነጫል፤ ሰው መሞቱን ሰምተዋል፣ ያስከፋቸው ግን መዘግየታቸው ነው።

«ሚስተር ካሎዌይ» አለች ኦዴሳ፣ «ያየኸውን አሳየን። ይህ አውቶቡስ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተነሳም፣ ወይም አንተ እንደምትለው ጠዋት ለአንድ ደቂቃ ነው የተነሳው። ግባ፣ አስነሳው፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት ውሰደው፣ መልሰው። ሦስት ደቂቃ አለህ። ፌኔሎን ከዚያ ውስጥ ሁለቱን በእግር እየመጣ ነው ያጠፋው፤ ለአንተ ግን ሦስቱንም ሰጥቼሃለሁ።»

«እኔ የአውቶቡስ ሹፌር አይደለሁም።»

«‹ጋሪ› ብለኸው የለ፤ ጋሪ መንዳት ምን ይከብዳል? ወይስ ያቅትሃል?»

ሎሪመር አየችው። እንግዶቹም አዩት። ካሎዌይ ሚንቱን ተፍቶ ወደ በሩ ሄደ። እጀታ ፈለገ፤ እጀታ የለም። በመዳፉ ገፋው። መስታወቱን ዳበሰ። ከተሰለፉት ውስጥ አንድ ሕፃን ሳቀ።

«ከመብራቱ ሥር ያለችውን ቁልፍ ተጫናት ልጄ» አለች ማርጂ ከሹራቧ ቀና ሳትል። «እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል።»

ገባ። ፐርዲ በሰጠው ቁልፍ ሞተሩን አስነሳ። ወዲያው ያ ጩኸት ጀመረ። ካሎዌይ የሚያጠፋው ነገር መስሎት ያገኘውን ሁሉ ነካካ። ቢጫውን የፍሬን እጀታ ወደ ታች ገፋው፤ መልሶ ቱር አለ። እንደገና ገፋው፤ እንደገና ቱር አለ። ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ አገሳ እንጂ አውቶቡሱ አንድ ጣት አልተንቀሳቀሰም። ሦስት ደቂቃው አለፈ። አራተኛው አለፈ። ላቡ በሸሚዙ ጀርባ ላይ ወጣ። ፐርዲ ሰዓቱንና ማስታወሻውን እያፈራረቀ ያያል፤ ፊቱ ቀልቷል። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ጩኸቱ ቆመ።

«ውረድ» አለች ኦዴሳ።

ካሎዌይ ሲወርድ ወደ ሹፌሩ ዞረች።

«ፌኔሎን፣ ይንገሯቸው።»

ፌኔሎን ጉሮሮውን ጠረገ። «ፍሬኑ በንፋስ ነው የሚሠራው። ያረጀ ስለሆነ ቆሞ ሲያድር ንፋሱ ይሾልካል። ንፋስ ከሌለው ፍሬኑ ራሱን ይቆልፋል፤ እስኪሞላ ድረስ እኔም ልንዳው፣ ማንም ይንዳው፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ጠዋት ጠዋት ሰባት ደቂቃ እንጠብቃለን። ሁልጊዜ።»

«እኔም ዛሬ ማዶ ካለው ሆቴል ስነሳ ሰባት ደቂቃ ጠብቄአለሁ» አለች ኦዴሳ። «በነጻው አውቶቡስ የሄደ ሁሉ ጠብቋል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ተሳፍሮ ቢያውቅ ኖሮ ሚስተር ካሎዌይ ሌላ ውሸት ይፈልግ ነበር። እሱ የሚያውቀው መኪና ቁልፉን ሲነኩት የሚሄደውን ነው። ‹አስነስቶ ወዲያው ፈተለከው› አለኝ።»

«እንግዲህ ጨለማ ነበር» አለ ካሎዌይ። «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። በእጁ መትቶት ይሆናል። ያየሁት መሰለኝ።»

«ስፖኪዮው ‹ድው አደረገው› ብለኸኝ ነበር። ድምፁን ሁሉ ነው የነገርከኝ። አውቶቡሱ ካልተንቀሳቀሰ ስፖኪዮው ማንንም አልመታም፤ ደሙን ሰው ነው የቀባው። የሚቀባው ደግሞ ሹፌሩ ላይ እንዲላከክ የፈለገ ሰው ነው። ፌኔሎን ራሱ ላይ አይቀባም።»

ፐርዲ ማስታወሻው ላይ የጻፈውን አንድ መስመር ሰረዘ።

«ቲግ ለምን ወደዚህ መጣ?» ኦዴሳ ቀጠለች። «ሰሌዳው ይዋሻል ስላሉት ነው። መጀመሪያ ፌኔሎን ነገረው፣ ናቀው። ማታ እማማ ማርጂ ነገሩት። ንጋት ላይ መጣ። የመጀመሪያው አውቶቡስ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው የሚወጣው። ሰሌዳው ከዚያ በላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሮ ሲያሳይ በዓይኑ አየ። ሰዉ አውቶቡሱን ጠልቶ ሳይሆን ተታሎ እንደሆነ ገባው። አንተም ራት ላይ ሰምተህ ስለነበር ቀድመኸው እዚህ ተገኝተሃል። ምን ብሎ እንደተናገረህ አላውቅም፤ ቢጫ መኪኖችህን ሰብስበህ ውጣ ሳይልህ አይቀርም። ከዚያ ጀርባውን ሰጠህ።»

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው። በምንድን ነው የመታሁት?»

«እሱን ነው ጠዋት ሙሉ ስፈልግ የነበረው። ፌኔሎን ማታ ማታ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ዛሬ ታኮው የለም። ሳጅን ፐርዲ ግቢውን፣ ቁጥቋጦውን፣ ገንዳውን አስፈትሿል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ፌኔሎን ታኮውን የሚያርቅበት ጊዜ አልነበረውም፣ መኪናም የለውም። አንተ ደግሞ ከደወልክ ጀምሮ ከፖሊስ ዓይን አልራቅህም። ስለዚህ ታኮው ፖሊስ ሊፈትሸው ያላሰበው አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እዚህ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ቦታ።» ወደ ቢጫው መኪና ዞረች። «የሠለጠኑት ሹፌሮችህ የሕፃኑን ወንበር በደንብ ያስራሉ፤ ሦስት መኪኖችህን አየሁ፣ ሦስቱም እንደ ድንጋይ ጥብቅ ያሉ ናቸው። ያንተው ብቻ ነው አፍንጫውን ወደ ላይ የቀሰረው። ሳጅን፣ አንሳው።»

ፐርዲ ሄዶ ወንበሩን አነሳ። ከሥሩ ጥቁር የጎማ ታኮ ወጣ፤ ሹል ጠርዙ ላይ ደምና ፀጉር ደርቆበታል። ከሰልፉ ኋላ፣ ከፓርኩ ሲመለስ ግርግሩን አይቶ የቆመው ያ አበባ የበዛበት ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ነበር። ጠዋት የተሳፈረው በሌላ ቢጫ መኪና ቢሆንም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ካሎዌይ ለመካድ አልሞከረም። «አሥር ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ የማይችል ሕዝብ ነው» አለ ወደ ሰልፉ እያየ። «እኔ የሚፈልጉትን ነው የሸጥኩላቸው። ጋርላንድም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተመችቶት ነበር። ምን አግብቶት ነው አሁን ሰዓት ይዞ የሚቆመው?»

«አንድ ጠዋት ሥራውን ሊሠራ ፈለገ» አለች ኦዴሳ። «አንተም አንድ ጠዋት አልሰጠኸውም።» ለሁለተኛው ፖሊስ ምልክት ሰጠችውና ካሎዌይን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወደ ሎሪመር ዞረች። «ስለ ሰሌዳው ለዐቃቤ ሕግ የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት። ከአሁኑ ቢያስቡበት ይሻላል።»

«እኔ ስለ ደቂቃው ምንም አላውቅም» አለች ሎሪመር። «ስጦታ ነው የተቀበልነው።» ወዲያው ፈገግታዋን መልሳ ለበሰችና ወደ ሹፌሩ ሄደች። «ሚስተር ፌኔሎን፣ እገዳው ተነስቷል። እንኳን ደስ ያለዎት። አሁን ንፋሱም ሞልቷል አይደል? ስልሳ እንግዳ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እባክዎ ቶሎ ቢያደርሱልን።»

ፐርዲ ካቴናውን ፈታለት። ፌኔሎን የእጁን አንጓ ሲያሽ ቆየ። የአውቶቡሱን መለዋወጫ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ፋይሌን የሰጡት እርስዎ ነዎት» አላት። «አልጠየቁኝም። አንድ ጊዜ ‹ምን ሆነ?› ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ ዛሬም እነዳልዎ ነበር።»

«እንግዶቹስ?»

«እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ። ሥራ አስኪያጅ ነዎት።»

ሎሪመር ቁልፉን ይዛ ወደ ሰልፉ ዞረች። ሰልፉም ሁሉ በአንድ አፍ ጀመራት።

ፌኔሎን ኦዴሳ ዘንድ መጣ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ስሜ ግን...»

ኦዴሳ ፐርዲን አየችው። ፐርዲ ጫማውን አየ። ከዚያ ከማስታወሻ ሰሌዳው ሥር አንድ ቅጽ አወጣ፤ የእስረኛ መረከቢያ ነው። ከላይ በትልልቅ ፊደል ፌኔሎን፣ ዊልነር ተብሎ ተጽፏል፣ ቀኑም ተሞልቷል። ሌላው ባዶ ነው።

«ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ነው» አለ ፐርዲ። «አልላክሁትም።»

«አትጻፍ ብዬህ ነበር» አለች ኦዴሳ። «ፊደል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማታ ቤትህ ቁጭ ብለህ አስብበት።» ወረቀቱን ነጥቃ ለፌኔሎን ሰጠችው። «ሌላ ቅጂ የለውም። የትም አልደረሰም። ሐሙስ ሄደው ይማሉ።»

ፌኔሎን ስሙን አየው፤ አንብቦ የጨረሰ አይመስልም። ከዚያ ለሁለት ቀደደው፣ ለአራት ቀደደው፣ ስሙ ያለበትን ጥግ ፊደል በፊደል እስኪሆን ድረስ አደቀቀው። እንባው መጣ፤ አላበሰውም። ቁራጮቹን ሊጥል እጁን ዘረጋና ፌርማታውን አየ፤ መልሶ ሰብስቦ የሸሚዝ ኪሱ ከተታቸው። ያንን መሬት ሌላ የሚጠርገው ሰው አልነበረም፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እሱም የለም።